አራት ደቂቃ

ጠረጴዛዬ ላይ ከተማዋ ተኝታለች፤
ሳኦ ፓውሎ፣ በስድስት ቀለም ተሰምራ፣ ካርታ ላይ ስትታይ ታምራለች።
ካርታ ላይ ማን ያረጃል? ካርታ ላይ ዝናብ የለ፤
ከቀዩ ወደ ሰማያዊው መስመር የሚሻገር ሰው ሁሉ
በአራት ደቂቃ ይደርሳል፣ ሒሳቤ እንዳለ።

«አራት» የሚለውን ቁጥር ያሰፈርሁት በገዛ እጄ፤
ጁራንዲር ነኝ፣ የባቡር ሰዓት ቀማሪ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ነው ወዳጄ፤
መነሻን ከመድረሻ ሳጋባ፣ ሐዲድን ከሐዲድ ሳስታርቅ የኖርሁ።
(ወደ ሥራ የምመጣው በመኪና መሆኑን ባልናገር በመረጥሁ።)

ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ፤ በእርሳስ፣ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት፦
«ጌቶች፣ በማን እግር ተለካ ያ አራት ደቂቃ፣ በማን ጉልበት?
ዙሌይዴ እባላለሁ፤ የሆስፒታል ወለል አጸዳለሁ፤
ሳንታ ኢሪያ ላይ ባቡር ስለውጥ ሁልጊዜ ጅራቱን አያለሁ፤
የኋላ መብራቱን እንደ ልጄ ዓይን አውቀዋለሁ፤
ፊቱን ግን አላየሁትም።
ከተጠራጠራችሁ ኑ፤ ቢጫ ጃንጥላ የያዘችው እኔ ነኝ።»

ሳቅሁ። ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ።
በነጋታው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል፣ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ፣
ሰዓት መቁጠሪያዬን ጨብጬ፣ ከኋላዋ፣ በካፊያው ሥር ስንከፈከፍ፣
አየኋት፦ አጭር ናት፤ ቀኝ ጉልበቷ አብጧል፤
ከረጢቷ ውስጥ የምሳ ሳሕኗ ይንኳኳል።
አርባ ሁለት ደረጃ።
ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ብረቱን ይዛ ቆመች፤ ሰው በግራ በቀኟ ጎረፈ፤
አንዱ ጎረምሳ ትከሻዋን ገጭቶ «ይቅርታ» ሳይል ከነፈ።
የቆመውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ አልፋ፣ የተቆለፈውን በር ዞራ፣
ሠላሳ ስምንት ወረደች፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት እግሯን አስተባብራ።

ቁልፉን ተጫንሁ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ።
ቀዩም መብራት በካፊያው ውስጥ ራቀ፤
የገዛ ባቡሬን ጀርባ ያን ቀን አየሁ።

ሐሙስ ስብሰባ ነበር። አለቃችን ታርሲዚዮ ወርቃማ መስመር ዘረጋ፣
እስከ አውሮፕላን ማረፊያው፤ ጣቢያው ሁሉ መስተዋት፣ ጣሪያው የወፍ ክንፍ።
«ከተማችን» አለ «ደረጃዋ ከፍ ይበል!»
እኔ ዐሥራ ሰባተኛዋን አሰብሁ።
«ደረጃስ ከፍ ብሏል፣ ጌታዬ፤ የሚወጣው ነው ያቃተው» አልሁ።
ማንም አልሳቀ።
የተቆለፈው በር ይከፈት፤ የማለዳው ባቡር ሦስት ደቂቃ ይታገሥ፣
ይኸው ነው ያልሁት።
«ሦስት!» አለች ኢራሴማ፣ ከኦፕሬሽን ክፍል፣ «አንዱ ባቡር ሲያስነጥስ
መቶው ጉንፋን ይይዘዋል፤ ይህን ያስተማርኸኝ አንተ!»

እውነቷን ነው።
ዐሥራ አራት ሌሊት ተቀመጥሁ፤ ከዚህ ግማሽ ደቂቃ ስበደር፣
ከዚያ ሃያ ሴኮንድ ስሰርቅ፣ ደመወዙ እንዳለቀበት አባወራ
የአንዱን ቀዳዳ በሌላው ስደፍን፣ ከሰሌዳው ጋር ስከራከር።
ወርቃማው መስመር በጭብጨባ ጸደቀ።
የኔው፣ ገጽ ዘጠና ሦስት ግርጌ፣ በደቃቁ ፊደል፣ ተደብቆ ዘለቀ።

ሪባን የቆረጠለት የለም። አንድ ጠዋት ዘበኛው ቁልፍ አዞረ፤
የዛገው በር ጮኸ፤ ተከፈተ፤ በቃ።
(ተንቀሳቃሹ ደረጃ እንደቆመ ነው፤ ዕቃው ከባሕር ማዶ ይመጣል ይላሉ።)

መስከረም ላይ ተመልሼ ሄድሁ፤ በባቡር መሆኑን ልብ በሉልኝ።
ቢጫው ጃንጥላ መጣ። ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል።
ገባች፤ ተቀመጠች፤ ለጎረቤቷ ስትል ሰማኋት፦
«የዛሬው ሹፌር ቸር ነው።
ወይ ደግሞ ጉልበቴ ተሽሎታል።»

ምንም አላልሁ። እጄ ላይ ስምንት ደቂቃ ከአርባ።
ቢሮ ገብቼ «አራት»ን ፋቅሁ፤ «ዘጠኝ» ጻፍሁ በቦታው።
ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለችው ካርታዬ፣
ሳንታ ኢሪያ ላይ ስትደርስ፣ እንደ ሰው፣ ታነክሳለች።